ተራ ተማሪ የመሆን መብት

ፈተና በደረሰ ቁጥር በመምህራን ክበብ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ከማኪያቶው ጋር ይጀመራል፣ ማኪያቶው ሲያልቅ ያልቃል። «ለዓይነ ስውሩ ልጅ ግማሽ ሰዓት ከተጨመረለት ለሌላውስ ለምን አይጨመርም? ፈተና ማለት እኮ እኩል ጥያቄ በእኩል ሰዓት ነው!» ይላል አንዱ። «ተው እንጂ፣ ምስኪን ነው፤ እንዲያውም ሲ ሰጥተህ ገላግለው» ይላል ሌላው። ሲሰሟቸው የመጀመሪያው ጨካኝ፣ ሁለተኛው ደግ ይመስላሉ። ልብ ብለን ከሰማናቸው ግን ሁለቱም ስለ ልጁ ሥራ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። አንዱ የሚያየው ሰዓቱን ነው፣ ሌላው የሚያየው ዓይኑን። ልጁ ምን እንደሚያውቅ የጠየቀ የለም።

እስቲ በመጀመሪያ ስለ ሰዓቱ እናውራ።

የኛ ፊደል ለዓይን የተሠራ ነው። «ቡ» ብለን ስንጽፍ ተነባቢውንም አናባቢውንም በአንድ ቅርጽ ጠቅልለን ነው። በብሬይል ያው «ቡ» ሁለት ቦታ ይይዛል፤ አንዱ ለተነባቢው፣ አንዱ ለአናባቢው። እናም ዓይናማው በአንድ ዕይታ የሚያልፈውን ፊደል የዓይነ ስውሩ ጣት ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይዳስሰዋል። ዓይን ሌላም ጸጋ አለው። ገጹን ገረፍ አድርጎ ስንት ጥያቄ እንዳለ ያውቃል፣ የከበደውን ዘሎ ከቀለለው ይጀምራል፣ የምንባቡን ሦስተኛ መስመር ሲፈልግ በቅጽበት ተመልሶ ያገኘዋል። ጣት እንደ ቅፍለት በተራ በተራ ነው የሚሄደው። ያውም ጥያቄው በብሬይል ከተዘጋጀ ነው። ብዙ ጊዜ አይዘጋጅም። የተለመደው አንድ ሰው ተፈልጎ ጥያቄውን እንዲያነብለት፣ መልሱንም ከአፉ ተቀብሎ እንዲጽፍለት ነው። አንባቢው የትምህርቱን ቃላት የማያውቅ ቢሆንስ? እንግሊዝኛው ቢኮላተፍበትስ? የምሳ ሰዓቱ ደርሶ ቢቸኩልስ? ያን ጊዜ የሚፈተነው ማን ነው፣ ተማሪው ወይስ አንባቢው?

ስለዚህ ያቺ ግማሽ ሰዓት ችሮታ አይደለችም። በጥያቄው አቀራረብ የወሰድንበትን ጊዜ መመለስ ናት።

ሄለን ኬለርን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ማየትም መስማትም የማትችለው ይህች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1899 ራድክሊፍ ኮሌጅ ለመግባት ስትዘጋጅ፣ ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው አንድ የቆየ የአልጀብራ ፈተና ለናሙና በብሬይል ተገልብጦ ይላክላታል። ስትዳስሰው ደነገጠች። ምልክቶቹ እሷ አልጀብራ የተማረችባቸው የእንግሊዝ ምልክቶች ሳይሆኑ የአሜሪካኖቹ ነበሩ። በፈተናው ዋዜማ ሌሊት ከቅንፍና ከሥር ምልክት ጋር ስትታገል አመሸች። ደግነቱ አለፈች፤ እ.ኤ.አ. በ1904ም በማዕረግ ተመረቀች። ወድቃ ቢሆን ኖሮ ግን መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው «አልጀብራ አትችልም» የሚል ነበር። «ምልክቱን ቀየርንባት» ብሎ የሚጽፍ ሬጅስትራር በዓለም ላይ የለም።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ ፍትሕ ሲናገር የሌዝቦስ ደሴት ግንበኞችን ማስመሪያ ይጠቅሳል። ማስመሪያው ከእርሳስ የተሠራ ነው (ማዕድኑን ማለቴ ነው)። ለስላሳ ስለሆነ ከድንጋዩ ቅርጽ ጋር ይታጠፋል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ የያዘ ሰው ይህን ቢያይ «ይሄ ደግሞ ምን ልክ ይሆናል!» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን ጎባጣውን ድንጋይ መለካት የቻለው የታጠፈው ነው። ሰዓት መጨመር፣ ጥያቄን በድምፅ ማንበብ፣ ክፍሉን ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማቆም፣ ሁሉም የእርሳስ ማስመሪያዎች ናቸው። የሚለካው ዕውቀት ያው ነው።

ይህን ለመረዳት ግሪክ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማውም ቅኔውም የሚያዘው በቃል ነው። ተማሪው መምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ እየሰማ፣ እየደጋገመ፣ ሌሊቱን እያንጎራጎረ ያጠናዋል። ዓይነ ስውሩ የቆሎ ተማሪ በዚህ ሥርዓት ከጓደኛው አላነሰም፤ ዓይነ ስውር መሪጌታ፣ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህር ብርቅ ያልሆነብን ለዚህ ነው። በእስልምናውም በኩል ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ሐፊዝ እንግዳ አይደለም። የአብነቱ መምህር ከዛሬው ሌክቸረር ይልቅ ርኅሩኅ ስለነበረ ነው እንዳንል፣ አርጩሜውን እናውቃለን። ዕውቀቱ በጆሮ ስለሚገባ ብቻ ነው። ልጁ ያኔም አያይም ነበር። አለማየቱ ከትምህርት የሚያስቀር ጉዳት የሆነው ሰሌዳውና ጠመኔው ከመጡ፣ መምህሩ ጀርባውን ሰጥቶ «ይህ ከዚህ ጋር ሲደመር ያን ይሰጠናል» ማለት ከጀመረ ወዲህ ነው። «ይህ» የቱ ነው? «ያን»ስ?

ወደ ደጉ መምህር ልመለስ። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ በሌላ ትምህርት ያገኘውን ውጤት ይዞ ሊያማክረኝ መጣ። ያገኘው ቢ ነው። ቅሬታ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ ዲ ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ታዲያ ምን ሆንክ?» አልኩት። «መምህር፣ የሚያነብልኝ ጓደኛዬ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶት አንዲት የቀይ እስክሪብቶ ጭረት የለበትም አለኝ። ሌሎቹ ጠርዙ ሁሉ ቀይ ነው። የኔን አላነበበውም ማለት ነው» አለኝ። ምን ይባላል? ልጁ የመጣው ማርክ ፍለጋ አልነበረም። የጻፈው ነገር እንዲነበብለት፣ ከተሳሳተም ስህተቱ እንዲሰመርበት ነበር። ያ መምህር ቢሰማ ይገረም ነበር፤ ደግ የሠራ ነው የሚመስለው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የርኅራኄ ማርክ የሚባለውን ነገር ሳስብ ሳንቲም ወርውሮ ፊቱን አዙሮ የሚያልፍ ሰው ነው የሚታየኝ። ቁምነገሩ መንገዱን ማስተካከል ነው፤ መድረሻውን ወደ ልጁ ማቅረብ ሌላ ነገር ነው፣ ንቀትም አለበት።

ንቀቱ በቋንቋችን ውስጥ ሳይቀር ተቀምጧል። «ዕውር ቢሸፍት ጓሮ ለጓሮ» እንላለን። ተረቱን የፈጠረው ሰው ሳቅ ፈልጎ ይሆናል፤ እኛ ግን ሥርዓተ ትምህርት አድርገነዋል። በአገራችን ዓይነ ስውር ተማሪ ገና በልጅነቱ ከሒሳብ ትምህርት ሲቀር ኖሯል። «ይከብደዋል፣ ይቅርበት» ተብሎ ነው፤ ለእሱ ታዝኖ። ሒሳብ የቀረበት ልጅ ፊዚክስ ይቀርበታል፤ ፊዚክስ የቀረበት ልጅ ተፈጥሮ ሳይንስ ይቀርበታል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ሕግ፣ ቋንቋ፣ ታሪክ፣ ሶሺዮሎጂ ናቸው። የተከበሩ የዕውቀት ዘርፎች ናቸው፤ እኔም ከአንዱ እንጀራ በልቻለሁ። ግን ሰው ወዶ የገባበት ቤትና ሌላው በር ሁሉ ተቆልፎበት የገባበት ቤት አንድ አይደሉም። ጓሮ ለጓሮ ማለት ይኸው ነው።

አዳማን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖ የተጀመረው ተቋም በ2003 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከተማይቱ ብትኮራበት አይፈረድባትም። በሩ ላይ «ዓይነ ስውር አይገባም» የሚል ጽሑፍ አይገኝም። ምን ያደርጋል! ለፈተናው የሚቀመጠው ተፈጥሮ ሳይንስ የተማረ ነው። ለዓይነ ስውሩ ልጅ በሩ የተዘጋው ከዓመታት በፊት፣ «ሒሳብ ይቅርብህ» የተባለ ዕለት ነው። ስለዚህ ስለ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ስናወራ ዩኒቨርሲቲውን ብቻ ብንወቅስ ግማሹን ነው የተናገርነው።

«ታዲያ ዓይነ ስውር እንዴት አድርጎ ሒሳብ ይማራል?» ለሚል አንባቢ ሁለት ሰዎች ልጥቀስ። እንግሊዛዊው ኒኮላስ ሳንደርሰን በሕፃንነቱ ፈንጣጣ ዓይኑን አጠፋው። እ.ኤ.አ. በ1711 በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኒውተን ተቀምጦበት የነበረውን የሒሳብ ወንበር ያዘ፤ እስኪሞትም በዚያው አስተማረ። ካስተማራቸው ነገሮች አንዱ የብርሃን ሳይንስ ነበር! ሁለተኛው አሜሪካዊው አብርሃም ኔመት ነው። ሲወለድ ጀምሮ የማያየው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1952 የሒሳብ ምልክቶች በብሬይል የሚጻፉበትን ዛሬም በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት አወጣ። ለልጆቻችን ሒሳብ እንዲቀርባቸው ስናዝን መንገዱ ከተጠረገ ብዙ ዘመኑ ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ውለታ።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ዓይነ ስውራን ተማሪዎች ተምረው የወጡት በአብዛኛው በጓደኞቻቸው አንደበት ነው። ሃንድአውቱን የሚያነብላቸው፣ በቴፕ፣ ኋላም በሞባይል የሚቀዳላቸው፣ ከዶርም እስከ ካፌ እጃቸውን የሚይዛቸው ሌላ ድሃ ተማሪ ነው። የራሱን ጥናት አቋርጦ፣ ሳይከፈለው። ይህን ቸርነት ዝቅ አድርጌ ብናገር ምላሴ ይቆረጥ። ካሉን መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ችግሩ ሌላው ጫፍ ላይ ነው። እስቲ ራሳችንን በዚያ በሚነበብለት ልጅ ቦታ እናስቀምጥ። ለማንበብ ባሰኘን ቁጥር አንድ ሰው ደጅ መጥናት አለብን። ቀን አሥር ጊዜ «እግዜር ይስጥልኝ» እንላለን። ጓደኛችን ቢያስከፋን መቆጣት አንችልም፤ ነገ ፈተና አለ፣ ማን ያነብልናል? ፖለቲካውን ባንወድለት ዝም እንላለን። ቀልዱ ባያስቀን እንስቃለን። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ አንባቢው ወንድ ከሆነና ልቡ ሌላ ነገር ካሰበ፣ የውለታው ዕዳ ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን አንባቢ ይገምተው።

ሰው ለምሕረትና ለፍቅር ሲያመሰግን ደስ ይለዋል። ገና ለገና መማሪያ መጽሐፉ ስለተነበበለት ዕድሜ ልኩን እንዲያመሰግን ሲፈረድበት ግን ጎንበስ ብሎ መሄድ ይለምዳል። ዓይናማው ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መብራት ሲበራለት ለአምፖሉ ምስጋና አያቀርብም። መብራቱ ሲጠፋ ያጉረመርማል እንጂ! ዓይነ ስውሩም ማጉረምረም መቻል አለበት።

«እንዲህ ሁሉን ነገር ቢሮ ከወሰደው መረዳዳታችን አይጠፋም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ከባድ ጥያቄም ነው። ፈረንጅ አገር ያለው የድጋፍ ቢሮ በፎርም ያስተናግድህና ምሳ አብሮህ የሚበላ ሰው ግን አታገኝም የሚሉ አሉ። እኔ የሚመስለኝ ተቃራኒው ነው። ንባቡ የዩኒቨርሲቲው ግዴታ ሲሆን ጓደኛ ጓደኛ ብቻ ይሆናል። መነጋገር፣ መከራከር፣ መኮራረፍ ይቻላል። ኩርፊያ የማይችል ወዳጅነት ምን ወዳጅነት ነው?

ሕጉ ምን ይላል? አንሶ አያውቅም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱም በአንቀጽ 24 ለከፍተኛ ትምህርት ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲደረግ ይጠይቃል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650/2001 ክፍል ማዛወርን፣ አማራጭ የፈተና ዘዴን፣ ቲቶሪያልን፣ የፈተና ሰዓት ማራዘምን በግልጽ ዘርዝሮ ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ከወጣም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ዓመታት አልፈዋል። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ ደጋግማ የምትመጣ አንዲት ሐረግ አለች፤ «በተቻለ መጠን»። ድሃ አገር ነን፣ ሐረጊቱ እውነት አላት። ዶርሙ ውሃ ለሌለው ዩኒቨርሲቲ የብሬይል ማተሚያ ግዛ ማለት ይከብዳል።

ነገር ግን ድሃ ቤተሰብ ያደግን ሰዎች «በተቻለ መጠን» ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። እናት እንጀራው ሲያንስ ትቆራርሰዋለች እንጂ አንዱን ልጅ ለይታ «ላንተ አልተቻለም» አትለውም። አልበቃ ባለ ቁጥር የሚቀነሰው የአንድ ወገን ድርሻ ብቻ ከሆነ ያ እጥረት መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆኗል። ደግሞስ ገንዘብ የማይጠይቀው ስንቱ ነው! መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈውን በአፉ ቢናገረው ምን ያወጣል? ሃንድአውቱን ከሳምንት በፊት በፍላሽ ቢሰጥ? ያውም ፎቶ ተነስቶ የተቀመጠውን ሳይሆን የተተየበውን፤ ጽሑፍ ወደ ድምፅ የሚቀይረው ሶፍትዌር ፎቶ አያነብም። የፈተና አንባቢ በዋዜማው በልመና ሳይሆን ሴሚስተሩ ሲጀመር በሬጅስትራር ቢመደብ? መስማት የተሳነው ተማሪ ፊት ለፊት ቆሞ፣ ከንፈርን ሳይሸፍኑ መናገርስ?

ከቢሾፍቱ ተነስተን በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂና በባቱ አድርገን ሻሸመኔ ድረስ ያሉትን ከተሞች ብንመለከት፣ የግል ኮሌጅ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በኪራይ ሕንፃ ላይ ነው። ምድር ቤቱ ባንክ፣ አንደኛው ፎቅ ካፌ፣ ትምህርቱ ከዚያ በላይ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ተማሪ እንዴት ይወጣል? ጓደኞቹ ተሸክመውት። የተመለከተ ሁሉ «ይሄ ነው ኢትዮጵያዊነት!» ይላል። እውነት ነው፣ ደስ ይላል። ግን ልጁ ሽንቱ ሲመጣስ? አራት ሰው ከክፍል ጠርቶ ደረጃ ይውረድ? ስለዚህ ውሃ አይጠጣም። በአዳማ ሙቀት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ሳይጠጣ የሚማር ሰው አስቡ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መዳረሻና መፀዳጃ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር። ሕንፃዎቹ ከዚያም በኋላ ተሠሩ። ያችን ክፍል ወደ ምድር ቤት ማውረድ ቢያቅት እንኳ፣ ያ ተማሪ ያለበትን ሴክሽን ዝቅተኛው ፎቅ ላይ ለመመደብ ከዲኑ ብዕር በቀር ምን ያስፈልጋል?

የመጨረሻው ነገር ስለ ጀግኖቻችን ነው። የትነበርሽ ንጉሤን ብዙዎቻችን እናውቃታለን። ወሎ ተወልዳ፣ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ፣ እዚሁ ስምጥ ሸለቆ ሻሸመኔ በሚገኘው የካቶሊክ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች። ከዚያ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጠናች፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋች ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አገኘች። ልንኮራባት ይገባል። ይሁን እንጂ ስሟን የምናነሳበት መንገድ ያሳስበኛል። «እሷ ከቻለች ሌላው ለምን አይችልም?» እንላለን። አንድ ሰው ዘሎ ስላለፈው ቦዩ አልጠበበም። እሷ ዕድሜዋን የሰጠችለት ሥራ ቦዩ ላይ ድልድይ እንዲሠራ ነው፤ እኛ ደግሞ እሷኑ ጠቅሰን ድልድይ አያስፈልግም እንላለን።

በአእምሯችን ለአካል ጉዳተኛ ያዘጋጀናቸው ቦታዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያን ደጅና የሽልማት መድረክ። ወይ እናዝንለታለን ወይ እናጨበጭብለታለን። መሐል ላይ ያለውን ሰፊ ሜዳ፣ እኔና እርስዎ የምንኖርበትን ሜዳ ነፍገነዋል። እኛ እኮ ኤ ሳናመጣ ተመርቀናል። አሳይመንት ከጓደኛ ገልብጠናል፣ ክፍል ቀርተን ፍራንኮ አካባቢ ሻይ ስንጠጣ ውለናል፣ ስለ ካፌው ሽሮ አማርረናል፣ የማይሆን ፍቅር ይዞን ሴሚስተር አበላሽተናል። ማንም «እንዲህ ሆነህማ ልትማር አይገባህም» አላለንም። ተራ ተማሪዎች ነበርን፤ ተራ ሆነንም ሰው ሆነናል።

ስለዚህ አንድ ግቢ ፍትሕ እንደገባው ለማወቅ የዋንጫ ተማሪዎቹን አልቆጥርም። ሰነፉን ዓይነ ስውር ተማሪ ነው የምፈልገው። መጽሐፉ በጊዜው የደረሰው፣ አንባቢው ቀድሞ የተመደበለት፣ ሰዓቱ የተስተካከለለት፣ ከዚያ በኋላም ሳያጠና ቀርቶ ወረቀቱ በቀይ እስክሪብቶ ተሸንትሮ ኤፍ ያገኘ፤ ማንም «አይ ምስኪን» ያላለው፣ እሱም ሌላውን ሳይወቅስ «ይገባኛል፣ አልሠራሁም» ብሎ ለሚቀጥለው ሴሚስተር የሚመዘገብ።